ሌሊት የሚደነዝዙ ጣቶችና የኪቦርድ ለውጥ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ቀኑን ሙሉ በኮምፒውተር የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ሜካኒካል ኪቦርዶችንም (እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስፕሪንግ ያለውን) እሰበስባለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ የቀኝ እጄ አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣትና የመሃል ጣት ሌሊት እየደነዘዙ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሱኛል። እጄን ሳራግፈው ይሻለኛል። ለሁለት የተከፈለ ኤርጎኖሚክ (ለሰውነት እንዲመች የተሠራ) ኪቦርድ ብገዛ እድናለሁ? የሰበሰብኳቸውንስ ልተዋቸው?

መልስ፦ የደነዘዙትን ጣቶች ለይተው መጻፍዎ ትልቅ ነገር ነው። እነዚህ ሦስት ጣቶችና የቀለበት ጣት ግማሽ ስሜት የሚያገኙት ከሚዲያን ነርቭ ነው፤ ይህ ነርቭ በእጅ አንጓ ውስጥ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ከ9 ጅማቶች ጋር ተጨናንቆ ያልፋል። ሌሊት መቀስቀሱና ሲያራግፉት መሻሉ ነርቩ እዚያ መጨቆኑን፣ ማለትም ካርፓል ተነል ሲንድረምን አጥብቆ ያስጠረጥራል። የደነዘዘችው ትንሿ ጣት ብትሆን ኖሮ ክርንዎን ነበር የምጠረጥረው።

ኪቦርድ ምቾት ይሰጣል፤ ብቻውን ግን መድኃኒት አይሆንም። መተየብ ይህን ሕመም ስለማምጣቱ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። የስኳር ሕመም፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና እርግዝና ይበልጥ የታወቁ አጋላጮች ናቸው፤ ስለዚህ የደም ምርመራ ሳያደርጉ ገንዘብዎን ኪቦርድ ላይ እንዲያወጡ አልመክርም።

ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት አለ። አንጓዎን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ለ6 ሳምንት ያህል ሌሊት ሌሊት ያድርጉ። ቀን ደግሞ የኪቦርድዎን የኋላ እግሮች አጥፈው ያስቀምጡ። ሜካኒካል ኪቦርድ በተፈጥሮው ከጠረጴዛው ከፍ ያለ ስለሆነ እግሮቹ ሲዘረጉ አንጓ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ በታጠፈ አንጓ ውስጥ ደግሞ በነርቩ ላይ ያለው ግፊት ይጨምራል። መዳፍ ማሳረፊያው መተየብ ሲያቆሙ ለማረፍ ነው፤ እየተየቡ አንጓዎን አይጫኑበት።

የተከፈለው ኪቦርድ እጆችዎ በትከሻዎ ስፋት እንዲራራቁ ስለሚያደርግ አንጓ ወደ ትንሿ ጣት አይጣመምም። ቢገዙት አልቃወምም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። የተለመደው የቁልፎች ተዛንፎ መደርደር የመጣው ከጽሕፈት መኪና ዘንጎች ነው፤ ለሰው ጣት ታስቦ የተሠራ አይደለም። ሆኖም እስኪለምዱት ሳምንታት ይወስዳል፤ ሥራ በተጣደፈበት ሰሞን አይጀምሩት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይለማመዱ። ከስብስብዎ አንዱንም መጣል የለብዎትም። ለረጅም ሥራ ዝቅ ያለውንና ቁልፉ ቀላል የሆነውን ይምረጡ፤ 45 ግራም ገደማ ጫና የሚበቃው ስዊች (ከቁልፉ ሥር ያለው መጫኛ) 60 ግራም ከሚፈልገው ይልቅ ጣትን ያሳርፋል።

መደንዘዙ ቀንም ካልለቀቀዎት፣ ዕቃ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ ወይም በአውራ ጣትዎ ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ ከሳሳ 6ቱን ሳምንት አይጠብቁ። የነርቭ ምርመራ ያስፈልግዎታል፤ እንደ ውጤቱም መርፌ ወይም አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ሊታዘዝልዎ ይችላል። አንዴ የሳሳ ጡንቻ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላልና በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።