ከቄራው ገጽ ላይ ለቆማችሁ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ መጽሐፍ ላይ ያተኩራሉ፤ ጀርመናዊው ደራሲ አልፍሬድ ዶብሊን በ1929 ባሳተመው «በርሊን አሌክሳንደርፕላትስ» የተባለ ልቦለድ ላይ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሞንታዥ የፊልም ቃል አይደለም እንዴ?»

ነው፤ ቁርጥራጮችን ገጣጥሞ አንድ ሥራ ማውጣት ማለት ነው። ግን የመካኒክም ቃል ነው። ጀርመኖች ማሽን ገጣጣሚውን «ሞንተር» ይሉታል። ዶብሊንም የሠራው ይህንኑ ነው፤ ከጋዜጣ ቆርጦ የእጅ ጽሑፉ ላይ ለጥፏል፤ ወረቀቱን ራሱን። የአየር ትንበያ፣ የትራም ፌርማታ፣ ማስታወቂያና ዘፈን ታሪኩን ሳያስፈቅዱ ይገቡበታል።

«ዋናው ገጸ ባሕርይ ፍራንዝ ቢበርኮፍ ከቴግል እስር ቤት ወጥቶ በትራም ከተማ ሲገባ ወድጄው ነበር። አራተኛው ክፍል ላይ የቄራ ወሬ ሲጀምር ግን የሌላ መጽሐፍ ገጽ የተቀላቀለ መስሎኝ ዘጋሁት።»

አይ! የዘጉት እኮ ዋናው ቦታ ላይ ነው። ዶብሊን መጀመሪያ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ የግቢውን ስፋትና የከብቱን ቁጥር ይደረድራል። ቀጥሎ አሳማው፣ በሬው፣ ጥጃው ይታረዳሉ። ርእሱን ከመጽሐፈ መክብብ ነው የወሰደው፦ ሰውም እንደ እንስሳው ይሞታል። መሃል ላይ ደግሞ ሁሉን ያጣው ኢዮብ ብቅ ይላል። ፍራንዝ በዚያን ጊዜ ክፍሉን ዘግቶ ይጠጣል። «እሱም እየታረደ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን የትም አያገኙም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ በቃ። ታሪኩን ላበላሽብዎ አልፈልግም እንጂ፣ በሰባተኛው ክፍል ሰው ሲገደል የጥጃው አስተራረድ ቃላት ተመልሰው ይመጣሉ። ቄራውን የዘለለ አንባቢ እዚያ ሲደርስ አይደነግጥም። ይመለሱበት፤ ቢቻል ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡት።

«ከጆይስ ነው የኮረጀው ይባላል። እውነት ነው?»

የአየርላንዳዊው ደራሲ የጆይስ ልቦለድ «ዩሊሲስ» በጀርመንኛ በ1927 ወጥቷል፤ ዶብሊንም በማግስቱ ዓመት ሂስ ጽፎበታል። ስለዚህ አላየውም ብዬ አልከራከርም። ግን በ1913 ገና ለደራስያን ባወጣው ጽሑፍ «የሲኒማ ስልት» ያስፈልገናል ብሎ ነበር። ደግሞም ሐኪም ነው፤ በምሥራቅ በርሊን የሠራተኞች ሰፈር በሽተኛ ያክም ነበር። የፍራንዝን አነጋገር ከጆይስ ከተማ ከደብሊን አላመጣውም።

«ፊልሙን ባየውስ?»

የ1931ዱ ታሪኩን ይዞ ጫጫታውን ጥሎታል። ዳይሬክተሩ ፋስቢንደር በ1980 ለቴሌቪዥን የሠራው 14 ክፍል ነው፤ ትዕግሥት ካለዎት እሱን።

«ጀግናዋ ሴት የሆነች የበርሊን ልቦለድ የለም?»

የኢርምጋርድ ኮይን «አርቲፊሻል ሐር የለበሰችው ልጅ» (1932) አለ። ጀግናዋ ዶሪስ መንገድ ለመንገድ ስትዞር ውላ፣ ዓይነ ስውር ለሆነው ጎረቤቷ ያየችውን ሁሉ ቁርጥራጩን እየለቀመች ትነግረዋለች።