ስለ ቢላና ስለ ሌሎች ስለታም መሣሪያዎች ለተነሡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከሥራ የምወጣው ማታ ስለሆነ ቦርሳዬ ውስጥ ቢላ መያዝ ጀምሬአለሁ። ያዋጣኛል?

መልስ፦ ባይዙት እመርጣለሁ። በድንጋጤ የሚንቀጠቀጥ እጅ የቦርሳ ዚፕ መክፈት እንኳ ይቸግረዋል። ቢወጣም የወጥ ቤት ቢላ በእጀታውና በስለቱ መካከል ጣት የሚያግድ ነገር ስለሌለው፣ አጥንት ሲያጋጥመው ላብ ወይም ደም የነካው እጅ ተንሸራቶ ስለቱ ላይ ያርፍና የያዘው ሰው የራሱን ጣቶች ይቆርጣል። የተወጋ ሰው ወዲያው ይወድቃል የሚለው እምነት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ብዙዎች መወጋታቸውን የሚያውቁት ደሙን ሲያዩ ነው፣ እስከዚያው መማታታቸውን አያቆሙም። እኔ ተማሪዎቼን ነጭ ካናቴራ አልብሼ በቢላ ፈንታ ቀይ ማርከር አስይዤ ሁለት ሁለት እያደረግሁ አጋጥማቸዋለሁ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ የሁለቱም ክንድ፣ አንገትና ሆድ በቀይ ይዥጎረጎራል፤ ማን አሸነፈ ብዬ ስጠይቅ አዳራሹ ዝም ይላል።

ጥያቄ፦ ባዶ እጄን ሳለሁ ቢላ የያዘ ሰው ቢገጥመኝስ?

መልስ፦ የሚፈልገው ስልክዎን ከሆነ ይስጡት፤ መንገድ ካለ ይሩጡ። መውጫ ከጠፋ ወንበርም ሆነ ቦርሳ በመካከላችሁ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ አባቶቻችን በሾተልና በጎራዴ ተዋግተው የለም ወይ?

መልስ፦ ተዋግተዋል፤ ነገር ግን በግራ እጃቸው የቆዳ ጋሻ ይዘው ነው። ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠውም የባላጋራን ጋሻ ዞሮ ከኋላው እንዲደርስ ሲሆን፣ ያው ጉብጠቱ ከአፎቱ መምዘዝን አዳጋች ያደርገዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ እንኳ ከምኒልክ ሠራዊት አብዛኛው ጠብመንጃ ታጥቆ ነበር፤ ጎራዴና ጦር ሥራ ላይ የዋሉት ርቀቱ ከጠበበ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ራሴን ስከላከል ሰው ብጎዳ ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና መከላከሉ ከአደጋው መጠን ካላለፈ አያስቀጣም ይላል። የሚሸሽን ሌባ አሳድዶ መውጋት ግን መከላከል አይደለም።

ጥያቄ፦ የተወጋ ሰው ባገኝ ቢላውን ልንቀል?

መልስ፦ አይንቀሉት፤ ደሙን ገድቦ የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል። አምቡላንስ ያስጠሩና እንዳይነቃነቅ ዙሪያውን በጨርቅ ይደግፉት። ቢላው ከወጣ ግን ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ በሁለት እጅ አጥብቀው ይጫኑ፤ ጨርቁ ቢርስ ሌላ ይደርቡበት እንጂ ገልጠው አይዩ።