«ቁልቢ ላይ ዶሮ በልቻለሁ» «አልበላህም»

ባለፈው እትም የንግሥ በዓልና የመውሊድ ምግብ ትዝታ ያለው ይጻፍልኝ ብዬ ነበር፣ አቦ ጎርፍ ነው የለቀቃችሁብኝ። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፣ የዶሮ ጉዳይ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ እትዬ ጤና ይስጥልኝ። የድሬ ልጅ ነኝ፣ ከዚራ ነው ያደግኩት፣ አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ከእህቴ ጋር በአንድ ነገር መጨቃጨቅ ከጀመርን ዓመታት ሆነን። ልጅ ሆነን፣ በ79 ወይ በ80 ዓ.ም. መሆን አለበት፣ አባዬ ቁልቢ ገብርኤል ይዞን ሄዶ ሸራ ወጥረው ካረፉ ሰዎች ጋር ተጠግተን አንዲት የማናውቃቸው እናት ከአገልግል ዶሮ ወጥ አውጥተው አጎረሱኝ፣ እንቁላሉን ለሁለት ገምሰው ግማሹን ለእህቴ ሰጡ፣ እሱን መቼም አልረሳውም ምክንያቱም ሙሉውን ፈልጌው ነበር። እህቴ ግን ቁልቢ ማለት ታኅሣሥ ነው፣ ታኅሣሥ ደግሞ ጾም ነው፣ አንተ የበላኸው ንፍሮ ነው ዶሮውን በህልምህ ነው ያየኸው ትለኛለች፣ ልጆቼ ፊት ሳይቀር። ሌላ የማስታውሰው የግራ እግር ጫማዬ ጭቃ ውጦት ቀርቶ አባዬ አዝሎኝ መውረዱን ነው። ተወራርደናል፣ የተሸነፈ ቤተሰቡን በሙሉ ክትፎ ይጋብዛል። ይፍረዱን።

መልስ፦ ክትፎውን እዘዝ ወንድሜ፣ ጫማህ ነው የፈረደልህ።

ገብርኤል ቁልቢ ላይ በዓመት ሁለቴ ነው የሚነግሠው፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19። እህትህ የምታውቀው የታኅሣሡን ነው፣ ሕዝቡ የሚበዛውም ያኔ ስለሆነ ብዙ ሰው ቁልቢ ሲባል እሱ ብቻ ነው ትዝ የሚለው። ግን ታኅሣሥ ላይ ቁልቢ ጫማ የሚውጥ ጭቃ ከየት ይመጣል? ታኅሣሥ አቧራ ነው፣ ሌሊቱ ደግሞ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ብርድ ነው፣ ያውም ለኛ ለድሬ ሰዎች፣ ከቆላ ተነስተን ደንገጎን ስንወጣ ጀምሮ አፍንጫችን የሚቀላ። ጭቃው የሐምሌ ነው። ሐምሌ 19 ደግሞ የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ከተፈታ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ነው የሚገባው፣ መሀል ላይ ነው ያረፈው ማለት ነው። አንድ ቀሪ ጥርጣሬ ረቡዕ ወይ አርብ ውሎ እንደሆነስ የሚለው ነው፣ እሱንም ቆጥሬልሃለሁ፣ በ79 እሁድ ነበር በ80 ደግሞ ማክሰኞ። በየትኛውም ዓመት ብትሄድ ዶሮው ሕጋዊ ነው።

ታኅሣሥ ቢሆን ኖሮ ግን እህትህ ልክ ነበረች። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ነው፣ ንግሡ መሀሉ ላይ ነው የሚውለው፣ ስለዛ ከአገልግሉ የሚወጣው ሽሮ ነው፣ ክክ ነው፣ አዚፋ ነው፣ በማሽላ እንጀራ ተጠቅልሎ የደረቀ ድንች ነው፣ ዳቦ ቆሎና ንፍሮ ነው። የብዙ ሰው ትዝታ ውስጥ ይሄ ምግብ ጣፋጭ የሆነው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፣ ሰው ሌሊቱን በእግሩ ሲጓዝ አድሮ፣ አንዳንዱ ስለት አለብኝ ብሎ ድንጋይ ተሸክሞ ወጥቶ፣ ቅዳሴ እስኪያልቅ አፉ ላይ ውሃ እንኳን ሳያዞር ቆይቶ ነው የሚበላው። ከዛ በኋላ የቀዘቀዘ ሽሮ ክትፎ ነው።

በነገራችን ላይ በጾም ስሕተት እንደማይፈጠር አድርገህ አታስብ። እኔ ትንሽ ሆኜ አንድ ታኅሣሥ በኤንትሬ ጭነት መኪና ነበር የሄድነው፣ ሠላሳ ሰው እላዩ ላይ፣ አክስቴ ቤት ሁለት ድስት ሽሮ ሠርታ ነበር፣ አንዱ በዘይት ለተጓዥ፣ አንዱ በቅቤ ቤት ለሚቀሩት ሕፃናት። መብራት ጠፍቶ በጨለማ ነው የተጫነው። ቁልቢ ደርሰን፣ ቅዳሴ አልቆ፣ ሁሉም ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ክዳኑ ሲነሳ የኮሰረትና የኮረሪማ ሽታ ፊታችን ላይ ግንን አለ። አክስቴ ክዳኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ማንም ትንፍሽ ሳይል ሹፌራችን፣ ሙስሊም ነው የመጋላ ልጅ፣ እጁን ታጥቦ መጣና «አቦ እትዬ እኔ እኮ ጾም የለብኝም» ብሎ ቁጭ አለ። ለሠላሳ ሰው ተብሎ የተጫነ ሽሮ ፊቱ ቀርቦለት ሠላሳ ሰው እያየው በላ፣ እኛ ደግሞ የሌላ መኪና ተጓዦች ንፍሮ አካፈሉን። ድሬ እስክንገባ ድረስ «ገብርኤል ለኔ ነው የነገሠው» እያለ አስቆናል።

የሐምሌው ዶሮ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ ያው ሹፌር የክርስቲያን እርድ ስለማይበላ እናቴ ለሱ ለብቻው እንቁላል ቀቅላ ቱና ጨምራ በሌላ ፌስታል ትቋጥርለት ነበር። ስለት ያላቸው ሰዎች ቤታቸው ተመልሰው ድግስ ሲደግሱም እንደዛው ነው፣ ለሙስሊም ጎረቤት አንዱን በግ ሙስሊም ጠርተው ያሳርዱና ድስቱም ጭልፋውም ይለያል። ልጆች ሆነን ሁለቱንም ድስት እንቀምስ ነበር፣ ማን ይከለክለናል።

እና እህትህን አትጨክንባት፣ ንፍሮው እውነት ነው፣ ብርዱም እውነት ነው፣ ሁለት ጊዜ ሳትሄዱ አትቀሩም። ግማሽ እንቁላሏን ግን ታስታውስ እንደሆነ በኔ ስም ጠይቅልኝ።

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል አጠገብ ነው ያደግነው። ጎረቤቶቻችን መውሊድ ሲያወጡ እኛን ልጆቹን በር ላይ አስቀምጠው ሆጃ የሚባለውን የቡና ገለባ በወተት በብርጭቆ ይሰጡን ነበር። አሁን ቤቴ ልሠራው ብዬ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቴም ወተቱ ተቆራረጠብኝ። ምኑ ላይ ነው የሳትኩት?

መልስ፦ ወተቱን ከአሸሩ (ከቡናው ገለባ) ጋር አብረሽ ጥደሽው ነዋ! የቡናው ገለባ ኮምጣጣ ነገር አለው፣ ወተቱ ደግሞ ያደረ ከሆነ በቃ አለቀለት። አሸሩን በደረቁ ትንሽ አመስ አድርጊው፣ እንዳያር ብቻ፣ ከዛ በውሃ ብቻ ቀዩ እስኪወጣ አንተክትኪው፣ ቸኩለሽ አታውጪው፣ እነሱ ጋ ጀበናው ሲንተከተክ ነው የሚያመሸው። አጥልይው። ወተቱን ለብቻው አፍልተሽ መጨረሻ ላይ ነው የምትቀላቅይው። ጨው ወይስ ስኳር የሚለው እንደየቤቱ ነው፣ እኔ የማውቃቸው ቤቶች ጨው ነው፣ ስኳር ሲገባበት ሻይ በወተት ይመስለኛል። በቡና ቅጠል የሚፈላው ደግሞ ቁጢ ነው፣ ገበያ ስትሄጂ እንዳይቀያየርብሽ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሳቢያን ነው ቤቴ። ታኅሣሥ 19 ዘንድሮ መሄድ ስለማልችል ቤቴ ዝክር ላወጣ አስቤያለሁ፣ ስድሳ ሰው ገደማ። ቁልቢ እንደምንበላው ንፍሮ ላቀርብ ስል አማቴ «ንፍሮ የለቅሶ ነው፣ ቤትሽ ላይ አታሟርቺ» ብለው ተቆጡኝ። ምን ላድርግ? ልክ ናቸው እንዴ? ደግሞስ ስንት ኪሎ ይበቃል?

መልስ፦ አማትሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ለቅሶ ቤት ንፍሮ አለ፣ ማንም አይክድም። ግን ጸሎተ ሐሙስ የምንበላው ጉልባንስ ንፍሮ አይደል እንዴ፣ ስንዴና ባቄላ? እሱን ሟርት ያለው ማን ነው? በተለይ ደግሞ ለታኅሣሥ ገብርኤል ከንፍሮ የተሻለ ምግብ የለም ባይ ነኝ። የዛን ቀን የሚታሰቡት ከእሳት የዳኑት ሠለስቱ ደቂቅ ናቸው፣ አናንያ አዛርያና ሚሳኤል፣ እነሱ ደግሞ ባቢሎን ሲገቡ የንጉሡን ማዕድ ከዳንኤል ጋር እምቢ ብለው ጥራጥሬና ውሃ ይሰጠን ያሉት ናቸው። ይሄንን ለአማትሽ ከንስሐ አባታቸው ጋር ሆነሽ ንገሪያቸው፣ ከኔ አፍ ከሰሙ የጋዜጠኛ ወሬ ነው የሚሉት።

ኪሎውን በተመለከተ ሌላ ምግብም ስለሚኖር ለአንድ ሰው መቶ ግራም ደረቁን ያዢ፣ ስድስት ኪሎ ማለት ነው። እኔ ብሆን ሦስቱን ስንዴ፣ ሁለቱን ሽምብራ፣ አንዱን ባቄላ አደርገዋለሁ፣ ባቄላ ሲበዛ ቶሎ ይፈርስና ንፍሮው ይጠቁራል። ለየብቻ ዘፍዝፈሽ አሳድሪ። ስንዴውና ሽምብራው ቀድመው ይገባሉ፣ ባቄላው ዘግይቶ። ጨው መጨረሻ ላይ። እድለኛ ነሽ ድሬ ነሽ፣ ቆላ ላይ ውሃው በደንብ ነው የሚግለው፣ ቁልቢ ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይፈላና ጥራጥሬው ግን አይበስልም፣ እናቶች እዛ ከማታ ጀምረው እሳት ዳር የሚያድሩት ለዛ ነበር። አንቺ ሌሊት አስር ሰዓት ብትጥጂው ለቅዳሴ መውጫ ይደርስልሻል። ብቻ በከሰል እንዳትሞክሪው፣ ለስድስት ኪሎ ከሰል ያከስርሻል፣ እንጨት አስመጪና ግቢ ውስጥ ሦስት ጉልቻ አቁሚ፣ ጭሱም ትንሽ ይንካው።