አሥራ ሁለት ግንድ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው። "ጋሼ፣ አንተ ፍረደን" ይላል። ከእናቱ ጋር ተጣልተዋል። እሱ ጌም ላይ አንዱን ጭራቅ ሌሊቱን ሙሉ ሲገድል ያድራል። ጭራቁ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይገድለዋል። እህቴ ከኋላው ቆማ ስታይ ቆይታ "ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ቅጣት?" አለችው። መልስ አጣ። "እውነት ግን ጋሼ፣ ግራይንድ ማድረግ፣ ማለቴ አንዱን ነገር እየደጋገሙ መሥራት፣ ደስ ይላል ወይስ ያሰለቻል? እኔ ራሴ ግራ ገባኝ።"

ሁለት ቀን ሳልመልስለት ቆየሁ። ጥያቄው ከብዶኝ አይደለም፣ ያስታወሰኝ ነገር ስላለ ነው። ስለዚህ ለእሱም፣ እሱን ለምትመስሉም ልጽፍ ተቀመጥኩ። ተኙ፣ አጥኑ፣ ዓይናችሁን ጠብቁ አልላችሁም። እሱን እናቶቻችሁ በቀን ሦስቴ ይነግሯችኋል፣ ልክም ናቸው።

ነገሩ በፈረንጆቹ 2008፣ ጥር ውስጥ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ እንኖራለን። ቀን ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ማታ ኮሌጅ አካውንቲንግ እማራለሁ። ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ሳሎኑ ጥግ ላይ ሰው የሰጠን አሮጌ ኮምፒውተር አለች፣ ስትሞቅ እንደ ወፍጮ የምትጮህ። እሷ ላይ ሩንስኬፕ ይጫወታል። ሩንስኬፕን የማታውቁት ካላችሁ፣ በ2001 እንግሊዝ አገር የወጣ ጌም ነው። ያኔ በኢንተርኔት ማሰሻ ይከፈት ስለነበር እንደኛ ያለች ኮምፒውተርም ትችለው ነበር፣ የድሃ ልጅ ሁሉ የተጫወተውም ለዚህ ይመስለኛል።

ልጄ ጌሙ ውስጥ እንጨት ቆራጭ ነው። በቃ። ዘንዶ መግደል እየቻለ እንጨት ይቆርጣል። ዛፉን ይነካል፣ ሰውየው መጥረቢያውን ያወዛውዛል፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ግንድ ቦርሳው ውስጥ ይገባል። ቦርሳው 28 ግንድ ነው የሚይዘው። ሲሞላ ባንክ ወስዶ ያራግፋል፣ ይመለሳል። አንዳንዴ ሶፋው ላይ ጋደም ብዬ አየዋለሁ። እንጨት ለቅሞ ላደገ ሰው፣ አሜሪካ ድረስ አምጥቼው የውሸት እንጨት ሲቆርጥ የሚውል ልጅ ማየት ምን እንደሚመስል አስቡት።

ያን ሰሞን አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግረኝ ነበር። "አባዬ፣ 99 ልገባ ነው። ሐሙስ ማታ እንድታይ።" እሺ እለዋለሁ። ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። 99 ያኔ የመጨረሻው ደረጃ ነበር፤ ስትገባ ራስህ ላይ ርችት ይፈነዳል፣ ጓደኞችህ ተሰብስበው እንኳን ደስ ያለህ ይሉሃል። ይሄን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

ሐሙስ ከኮሌጅ ስመለስ በሀበሻ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሆኗል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ቀን አንዱ ደንበኛ መኪናዬን ጫራችሁ ብሎ አምባጓሮ ፈጥሮብን ውሏል፣ በማግስቱ ደግሞ ፈተና አለብኝ። በሩን ስከፍት ልጁ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጧል። እስካሁን ለምን አልተኛህም አልኩት። "አባዬ ና፣ አሥራ ሁለት ብቻ ነው የቀረኝ" አለ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ጎንበስ ብዬ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት።

የወፍጮዋ ድምፅ ቀስ እያለ ሞተ። ይጮሃል፣ ያለቅሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። "እሺ" ብሎ ተኛ።

በነጋታው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ብቻውን ጨረሰው። እኔ ቀኑን እንኳ አላስታውሰውም። ያወቅኩት ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ከያዘ በኋላ፣ አንድ የፋሲካ ምሳ ላይ፣ እየሳቀ ለእንግዳ ሲያወራ ነው። ያን ማታ ሰባት ልጆች ጌሙ ውስጥ ዛፉን ከበው ይጠብቁት ነበር አሉ። አንደኛው ፊንላንዳዊ ነው፤ እዚያ ገና አልነጋም፣ ልጁ ይሄን ለማየት በሌሊት ተነስቷል። ልጄ ደግሞ ቀደም ብሎ መጨረስ ይችል ነበር። አሥራ ሁለት ግንድ ሲቀረው መጥረቢያውን አስቀምጦ ቁጭ አለ። "አባዬ እስኪመጣ ብዬ" አለ። እንግዳው ሳቀ። እኔ ዶሮውን አየሁ።

አካውንታንት ነኝና ማታ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። 99 ለመግባት 13,034,431 ነጥብ ያስፈልጋል። ዩው የሚባለውን ዛፍ ለመቁረጥ 60ኛ ደረጃ መድረስ አለብህ፣ እሱ 273,742 ነጥብ ነው፤ ከዚያ አንዱ ግንድ 175 ይሰጣል። የቀረውን ሁሉ በዩው ከቆረጠ ወደ 72,900 ግንድ፣ ባንክ ደግሞ 2,600 ጊዜ መመላለስ ማለት ነው። የባሰው ደግሞ 92ኛ ደረጃ ስትደርስ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነህ። ሰባት ደረጃ ቀረኝ ትላለህ፣ የቀረህ ግን እስካሁን የለፋኸውን ያህል ነው። ይሄን የ13 ዓመት ልጅ እያወቀ ገባበት። እኔ ያኔ የአካውንቲንግ አንደኛ ኮርስ ላይ ሁለቴ ላቆም ዳድቶኝ ነበር።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ይሄ አይደለም። ነገሩን እኔ ድሮ አውቀው ነበር። ደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ከፊደል አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። አንዷን መስመር በስንደዶ እየጠቆምክ ትላታለህ፣ ትላታለህ፣ ምላስህ ራሱ እስኪሄድላት። ትርጉሙን አታውቀውም። ፀሐዩ አናትህ ላይ ነው፣ አለንጋው ከየኔታ ጎን ነው። በቋንቋችን ጸሎትም "መድገም" ነው የሚባለው፣ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዳዊት ደገመ ይባላል። የጨረስኩ ቀን እናቴ ድፎ ዳቦ ጋገረች፣ አባቴ በግ ገዛ፣ ጎረቤት ተጠራ። የኔታ ጭንቅላቴን ዳበስ አድርገው መረቁኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የዚያ ዳቦ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

ዳዊትና የውሸት እንጨት አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፣ ቄሱ እንዳይሰሙኝ።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ያሰለቻል ወይ? አዎ ያሰለቻል፣ ደስም ይላል። ሁለቱም በአንድ እጅ ነው የሚመጡት። ፓርኪንግ ስሠራ በቀን ሦስት መቶ መኪና አስገባ ነበር። ትኬት ቀደህ ትሰጣለህ፣ አግዳሚው ይነሳል፣ ይወርዳል። ሊያሳብደኝ ደረሰ። አንድ ቀን ዝም ብዬ ግራጫ ካምሪ ብቻ መቁጠር ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት በአንድ ቀን 31 ሲሞላልኝ ሮጬ ማዶ ያለው ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ። "31!" አልኩት። "ምን ነካህ አንተ ሰውዬ" አለኝ። ሥራው አልተቀየረም። ቁጥሩን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። ያልተመቸኝ የምነግረው ሰው ማጣቴ ብቻ ነበር።

ቁጥሩን ሌላ ሰው ሲይዝብህ ነው የሚከፋው። የዛሬዎቹን የስልክ ጌሞች እዩ። ሠሪው ሆን ብሎ ያሰለችሃል፣ ከዚያ መሰልቸቱን መዝለያ ይሸጥልሃል። ወይ "አውቶ" የሚል ቁልፍ አለ፣ ስልኩ ራሱ ይጫወታል፣ አንተ ቻርጅ ታደርግለታለህ። እናንተ ደግሞ ትከፍላላችሁ! ይሄ የትውልዳችሁ ነገር አይገባኝም። ጂም ሄዶ ፎቶ ተነስቶ "ግራይንድ ላይ ነኝ" ብሎ የሚለጥፍ ልጅ አውቃለሁ፣ ከፎቶው በኋላ ቤቱ ይመለሳል።

ደግሞ እኛም ብንሆን እንደዚያው ነን። በ2010 ኢያን ቦጎስት የሚባል አሜሪካዊ ፕሮፌሰር በእነዚህ ጌሞች ለማሾፍ ብሎ ፌስቡክ ላይ የላም ጌም ሠራ። ላሟን በየስድስት ሰዓቱ አንዴ ትነካታለህ፣ ሌላ ምንም የለም። ሰው በሺህ እየሆነ ገባ፣ የምሩን ተጫወተው። በማግስቱ ዓመት ላሞቹን ሁሉ አጠፋቸው። ባዶውን ቦታ መንካታቸውን የቀጠሉ ነበሩ። የሥነ ልቦናው ሰው ስኪነር በእርግብ ያየው ይሄንኑ ነው፤ ጥሬው መቼ እንደሚወድቅ ካላወቀች እርግቧ መንቆሯን ቶሎ አታቆምም። የልጄም ዛፍ እንደዚያ ነበር። ግንዱ መቼ እንደሚገባ፣ ዛፉ መቼ እንደሚወድቅ አይታወቅም። ስለዚህ እህቴ ስትሰጋ ያለምክንያት አይደለም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጌም የያዘ ልጅ እኔም አልወድም። ገመድ ንቀሉ ግን አልልም፣ አንዴ ነቅዬ አይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ያ ጭራቅ ስንት ጊዜ ከሞተ በኋላ ነው የምትፈልገው ነገር የሚገኘው? ቁጥሩን የምታውቀው ከሆነ ለእናትህ ንገራት። ስንት እንደቀረህም ንገራት። ታፌዝብህ ይሆናል፣ አውቃታለሁ፣ ልጅ ሆነን እኔንም እንደዚያ ነበር። ቡና ስታፈላ ግን አንዴ መጥታ "አሁንስ ስንት ቀረህ?" ሳትልህ አትቀርም።

እኔ ባለፈው ወር ሩንስኬፕ ከፈትኩ። በ2013 ተጫዋቾቹ ድምፅ ሰጥተው የ2007ቱን የድሮውን ጌም አስመልሰውታል፣ ልጄ ይጫወተው የነበረውን ማለት ነው። ጡረታ ልወጣ የተቃረብኩ ሰውዬ ማታ ማታ ወንዝ ዳር ቆሜ የአኻያ ዛፍ እቆርጣለሁ። 41ኛ ደረጃ ላይ ነኝ። ይሰለቻል፣ በጣም። ትናንት ግን እራት ቀርቦ "መጣሁ" እያልኩ ሃያ ደቂቃ ቆየሁ።

ለልጄ ደውዬ ነገርኩት። መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ "ዩው ለመቁረጥ 60 መግባት አለብህ" አለኝ፣ እንደማላውቅ። አውቃለሁ አልኩት።

"ልትገባ ትንሽ ሲቀርህ አቁምና ደውልልኝ" አለ። "እመጣለሁ።"

3,446 ግንድ ይቀረኛል።