ኮኮዋ በተርና የቤት ውስጥ ቅባት፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ስለ ኮኮዋ በተር (ከካካዋ ፍሬ ስለሚወጣው ስብ) እና ቤት ውስጥ ስለሚሠሩ የቆዳ ቅባቶች የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ይህን ሥራ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። የቆዳ ሐኪም ግን አይደለሁም። የሚቆስል፣ የሚደማ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ማሳከክ ያለበት ሰው ለሐኪም ያሳይ። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልናገር። በማንኪያ ሳይሆን በግራም መዝኑ። ውሃ የገባበት ቅባት ውስጥ ፕሪዘርቫቲቭ (ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳይራባ የሚከላከል ነገር) ይግባ። በሉ ጠይቁኝ።

ጀማሪዋ፦ እህቴ እንደምን አመሸሽ? ኮኮዋ በተር፣ ሺአ በተርና የአልሞንድ ዘይት አቅልጬ የሰውነት ቅባት ሠርቼ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ልስልስ ያለ ነበር። በሳምንቱ ስከፍተው ጣቴ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ተበላሽቶ ነው? ልድፋው?

መልስ፦ እንዳትደፊው! ምንም አልሆነም። ቆዳሽ ላይ ስታሺው ፍሬዎቹ ይቀልጣሉ፣ ጉዳት የላቸውም። ግን ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ይህ የገባው ሰው የሥራውን ግማሽ ጨርሷል።

ኮኮዋ በተር ሲረጋ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይረጋም። ቅንጣቶቹ በስድስት ዓይነት አሰላለፍ ሊደረደሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው በጣም ልል ነው፤ 17 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል። አምስተኛው ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ነው፤ የሚቀልጠው 34 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቸኮሌት ሠሪዎች የሚለፉት ይህን አምስተኛውን ለማግኘት ነው። ቸኮሌት ሲቆርሱት ቀጭ የሚለው፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን የሚሟሟው በእሱ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አንቺ ዕቃ እንምጣ። ሞቅ ያለውን ቅባት ጠረጴዛ ላይ ትተሽው ተኛሽ አይደል? ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ቶሎ የሚረጋው ክፍል ቀድሞ ለብቻው ይሰባሰባል። ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣው ሺአ በተር ደግሞ በዚህ ጠባይ ይብሳል። ፍሬው ጊዜ ባገኘ ቁጥር ይተልቃል። ጣትሽ ላይ አሸዋ የሆነብሽ እሱ ነው።

መፍትሔው እንደገና ማቅለጥ ነው። ድስት ውስጥ ውሃ አፍዪ፣ ቅባቱን በሌላ ዕቃ አድርገሽ በላዩ አስቀምጪው። 60 ዲግሪ ገደማ ይድረስ፤ አንዲት ፍሬ ሳትቀልጥ እንዳትቀር። ከዚያ ዕቃውን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ አድርገሽ ሳታቋርጪ አማስዪ። ዓይንሽ ከዕቃው ጠርዝ አይነሳ። መጀመሪያ ጠርዙ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። እሱን እየፋቅሽ ወደ መሃል መልሺው። ማማሰያሽ ያለፈበት መስመር ለአፍታ ታይቶ መጥፋት ሲጀምር ወደ ማሰሮው ገልብጪው። ሳትቆዪ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው። የበረዶው ውሃ ጠብ እንዳይልበት አደራ።

ኮኮዋ በተር የሚበዛበት ጠንካራ ባር ስትሠሪ ሌላ መንገድ አለ። ከ100 ግራም ኮኮዋ በተር 2 ግራሙን ሳታቀልጪ ፍቀሽ አስቀምጪ። የቀለጠው ወደ 33 ዲግሪ ሲወርድ በትኚበትና አማስዪ። ያልቀለጠው ፍቅፋቂ ሌላው እንዴት እንደሚሰለፍ መንገዱን ያሳየዋል። ይህን ዘዴ ያገኘሁ ቀን ከደስታዬ ብዛት በአንድ ምሽት ሦስት ዙር ሠርቻለሁ።

አንድ አባል፦ ፊት ያነጣል?

መልስ፦ አያነጣም። ቆዳ ያለሰልሳል፣ እርጥበት እንዳይተን ይይዛል፣ አለቀ። ያነጣሉ እየተባሉ የሚዞሩ ክሬሞች ውስጥ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ከኮኮዋ በተር ጋር ስለተደባለቁ ጉዳታቸው አይቀንስም።

ነፍሰ ጡሯ፦ አምስተኛ ወሬ ነው። ሸንተረር እንዳይወጣብኝ ከአሁኑ ብቀባው ይከላከልልኛል?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። ከሸንተረር ግን አያድንሽም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሊባኖስ ውስጥ፣ በ2010 ደግሞ ጃማይካ ውስጥ በ300 ነፍሰ ጡሮች ላይ ተፈትኗል። ኮኮዋ በተር ያለበትን የተቀቡትና የሌለበትን የተቀቡት ሴቶች ላይ የወጣው ሸንተረር የሚለያይ አልነበረም። ሆድሽ ሲወጠር የሚመጣውን ድርቀትና ማሳከክ ግን ያስታግስልሻል። ሽታ ያልተጨመረበትን ተጠቀሚ።

የአራት ልጆች እናት፦ ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ በአራቱም እርግዝና ኮኮዋ በተር ነው የተቀባሁት። አንዲት መስመር የለብኝም።

ፋርማሲስቱ፦ እህት ዓለም፣ ባትቀቢም ላይወጣብሽ ይችል ነበር። በአብዛኛው የዘር ጉዳይ ነው። እናትሽ ነበራት?

የአራት ልጆች እናት፦ እናቴም የላትም። እሷም ግን ቅባት አታቋርጥም ነበር።

ፋርማሲስቱ፦ ባለቤቴ በቀን ሁለቴ እየተቀባች ወጥቶባታል። ምን እንበል እንግዲህ?

መልስ፦ በቃ፣ እዚህ ላይ እናቁም። መቀባቱ የሚጎዳ ነገር የለውም፤ ደስ የሚላት ትቀባ። ነፍሰ ጡሯ ሸንተረር ከወጣባት ግን በደንብ ስላልተቀባሁ ነው ብላ ራሷን እንዳትወቅስ ብዬ ነው።

ተፈጥሮ ወዳዱ፦ እኔ ኮኮዋ በተር ላይ ትኩስ የሬት ፈሳሽና የጽጌረዳ ውሃ እጨምራለሁ። ቫይታሚን ኢም ስለገባበት አይበላሽም። ኬሚካል ደግሞ ቆዳዬ ላይ አልፈልግም። አስተያየትሽ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እመልስልሃለሁ፤ ቅር እንዳይልህ።

ቫይታሚን ኢ ፕሪዘርቫቲቭ አይደለም። ሥራው ዘይቱ ከአየር ጋር ተገናኝቶ እንዳይሻግት... ማለቴ ክፉ ሽታ እንዳያመጣ ማዘግየት ነው። ባክቴሪያና ሻጋታን አይነካም። ቅባትህ ዘይትና በተር ብቻ ከሆነ ባክቴሪያ የሚራባበት ውሃ ስለሌለ ፕሪዘርቫቲቭ አያስፈልገውም። የሬት ፈሳሽ ግን ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። የጽጌረዳው ውሃም ስሙ ላይ ተጽፏል። ሻይም፣ ወተትም፣ የኪያር ጭማቂም ያው ውሃ ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ እኔም እንዳንተው ሠርቻለሁ። ሬት ጨምሬ፣ በሚያምር ማሰሮ አድርጌ ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት። በሦስተኛው ሳምንት ቤቷ ሄጄ ማሰሮውን አነሳሁት። ላዩ ንጹሕ ነው፣ ሽታውም ደህና ነው። ክዳኑን ስገለብጠው ግን ጠመዝማዛው ውስጥ አረንጓዴ ጸጉር የመሰለ ነገር አብቅሏል። እሷ እስከዚያ ጠዋት ድረስ ስትቀባው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው በዚህ ነገር የማልደራደረው። የእኔ ሻጋታ በዓይን ታየ። ባክቴሪያ ግን በሚሊዮን ተራብቶም ላይታይ፣ ላይሸት ይችላል። የተላጨ ወይም የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ሲደርስ ነው መኖሩ የሚታወቀው።

ኬሚካል አልፈልግም ላልከው ደግሞ፣ ውሃም ኬሚካል ነው፣ ኮኮዋ በተርም ስቴሪክ፣ ኦሌይክና ፓልሚቲክ አሲድ ነው። መጠየቅ ያለበት መጠኑ ነው። ለምሳሌ ፊኖክሲኢታኖል የሚባለው ፕሪዘርቫቲቭ በአውሮፓ ሕግ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። 100 ግራም ሎሽን ውስጥ ቢበዛ 1 ግራም ማለት ነው። ይህን ደግሞ በማንኪያ አታገኘውም። 0.1 ግራም የምታነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያዝ።

ተፈጥሮ ወዳዱ፦ ፍሪጅ ውስጥ ነው እኮ የማስቀምጠው።

መልስ፦ ፍሪጅ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ለአንድና ሁለት ቀን የሚሆን ብቻ ሠርተህ የቀረውን ከደፋኸው እሺ። ለወር ከሆነ ፕሪዘርቫቲቭ።

ሌላም ነገር አለ። ውሃና ዘይት በማማሰል ብቻ አይዋሃዱም። ሁለቱን የሚያዋህድ ኢመልሲፋይንግ ዋክስ የሚባል ሰም ያስፈልጋል። የንብ ሰም ብቻውን ይህን አይሠራም። ብዙ ሰው ሰም ጨምሬ ውሃው ለምን ተለየብኝ ይላል። ምክንያቱ ይኸው ነው።

አንድ አባል፦ ቅባት ሠርቼ አልሆነልኝም። ምን ልጨምርበት?

መልስ፦ ምን ሠራህ? ምን ምን ገባበት? ስንት ስንት ግራም? ያልሆነው ምኑ ነው፣ ደረቀ፣ ቀጠነ፣ ሸተተ? ሳላየው ልገምት አልችልም። የለካኸውን ጽፈህ ተመለስ።

ባለ ብጉሯ፦ ቅባታም ፊት አለኝ፣ ብጉርም ይበዛብኛል። ለፊቴ ይሆነኛል?

መልስ፦ ፊትሽን ተይው። ቀዳዳ ይደፍናሉ በሚባሉት ዝርዝር ኮኮዋ በተር ከ5 ብዙ ጊዜ 4 ይሰጠዋል። እውነቱን ለመናገር ያ ቁጥር የመጣው በጥንቸል ጆሮ ላይ ከተሠራ ሙከራ ስለሆነ ለሰው ፊት የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ቢሆንም ብጉር ባለበት ፊት ላይ ምን አስሞከረሽ? ለክርን፣ ለጉልበት፣ ለተረከዝ ወርቅ ነው። ገላሽን ታጥበሽ ቆዳሽ ገና ረጠብ እንዳለ ተቀቢው፤ ያለውን እርጥበት ይዞ ያስቀርልሻል።

አንድ አባል፦ የኔም አሸዋ አሸዋ ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለጀማሪዋ የመለስኩትን ከላይ አንብቢ። ሙሉ በሙሉ ማቅለጥ፣ በፍጥነት ማቀዝቀዝ።

አንድ አባል፦ ከፀሐይ ይከላከላል ይባላል?

መልስ፦ አይከላከልም። ቤት ውስጥ ዚንክ ኦክሳይድ ጨምራችሁም ሰንስክሪን አትሥሩ። ዱቄቱ እኩል መዳረሱን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ሳይዳረስ የቀረበት ቦታ ይቃጠላል።

አንድ አባል፦ ሎሚ ብጨምቅበትስ?

መልስ፦ በፍጹም። አንደኛ ውሃ ነው። ሁለተኛ የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል፣ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ቤርጋሞት የሚባለውም ኢሴንሻል ኦይል (ከዕፅዋት የሚወጣ ሽታው ኃይለኛ ዘይት) ጠባዩ ያው ነው። ሌሎቹን ኢሴንሻል ኦይሎችም ለሰውነት ከ1 በመቶ አታሳልፉ። ለሕፃን ጭራሽ ይቅር።

ሚዛን የሌላት፦ በማንኪያ የሚሠራ መጠን ንገሪን እባክሽ።

መልስ፦ አልናገርም። የተፈቀፈቀ ኮኮዋ በተር አንድ ማንኪያና የቀለጠው አንድ ማንኪያ ክብደታቸው አንድ አይደለም። በግራም ግን ይኸው። ለጠንካራ ባር ኮኮዋ በተር 40፣ የንብ ሰም 25፣ ፈሳሽ ዘይት 34.5፣ ቫይታሚን ኢ 0.5። ለስላሳ ከፈለግሽ ሰሙን ተዪውና ኮኮዋ በተር 25፣ ሺአ 35፣ ዘይት 39.5፣ ቫይታሚን ኢ 0.5። ሁለቱም ድምራቸው 100 ነው። ውሃ የለባቸውም፣ ስለዚህ ፕሪዘርቫቲቭ አይፈልጉም። በእርጥብ እጅ ግን አይጨለፉ። አዲስ ነገር ስትሞክሪ መጀመሪያ ክንድሽ ላይ በውስጥ በኩል ትንሽ ቀብተሽ 48 ሰዓት ጠብቂ። የለውዝ ዓይነት አለርጂ ያለበት ቤተሰብ ካለሽ የአልሞንዱን ዘይት በሱፍ ዘይት ቀይሪው።

አንድ አባል፦ ሽታው የወጣለትና ያልወጣለት ኮኮዋ በተር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሽታው ነው። አንዱ ቸኮሌት ቸኮሌት ይላል፣ አንዱ አይልም። ሌላ ሽታ ልትጨምሩ ካሰባችሁ የወጣለትን ግዙ።

አንድ አባል፦ በኮኮዋ በተር ሳሙና መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ሳሙና የኔ ሙያ አይደለም። ሳሙና ሠሪው ካለህ መልስላቸው።

ሳሙና ሠሪው፦ አለሁ። ይቻላል፣ ሳሙናውን ያጠነክረዋል። ከጠቅላላው ዘይት እስከ 15 በመቶ ይበቃል። ለ100 ግራም ኮኮዋ በተር ወደ 13.7 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይገባል። ጓንትና መነጽር አድርጉ። ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ እንዳታፈሱ።

ፋርማሲስቱ፦ 15 በመቶ አልበዛም? እኔ በ10 ሠርቼ እንኳ ሲቆረጥ ተሰነጣጠቀብኝ።

ሳሙና ሠሪው፦ ዘግይተህ ቆርጠኸው ይሆናል። በማግስቱ ገና ለስለስ ሲል ነው የሚቆረጠው።

ፋርማሲስቱ፦ በሦስተኛው ቀን ነበር።

መልስ፦ ስለ ሳሙና ሌላ ቀን ሳሙና ሠሪው ራሱን ችሎ ይቀመጥልናል። ወደ ቅባታችን።

ጀማሪዋ፦ እህቴ፣ አንቺ ስትመልሺ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ! አቅልጬ በበረዶ አማሰልኩት። ያልሽው መስመር ታየኝ። አሁን ማሰሮ ውስጥ ገልብጬዋለሁ፣ እንደ ሐር ነው። ክዳኑን ልዝጋውና ፍሪጅ ላስገባው?

መልስ፦ ጎሽ የኔ እናት! ክዳኑን ግን አሁን እንዳትዘጊው። ገና ለብ ያለ ስለሆነ ክዳኑ ላይ ጤዛ ይይዝና ውሃው ተመልሶ ቅባቱ ላይ ይንጠባጠባል። ንጹሕ ወረቀት ጣል አድርጊበትና ፍሪጅ አስገቢው። እስኪረጋ ጠብቂ። ከዚያ አውጥተሽ፣ ክዳኑን በደረቅ ጨርቅ ጠርገሽ ግጠሚው። በሳምንቱ ክፈቺውና ጣትሽ ላይ ምን እንደሚል ንገሪኝ።