ጎልፍ ስጫወት በድራይቨር (ለሩቅ ምት በሚሆነው ረጅም ዱላ) የምመታው 180 ያርድ ነው የሚሄደው፣ የትኛውን ኳስ ልግዛ?

180 ያርድ ከሆነና ኳሱም ወደ ቀኝ እየታጠፈ ካስቸገረህ፣ ውዱን የታይትሊስት ኳስ፣ ፕሮ ቪ1ን፣ ለጊዜው ተወው። ባለ ሁለት ክፍል፣ ሽፋኑ ሰርሊን መሰል ጠንካራ ፕላስቲክ የሆነ፣ ሲመታ ግን ለስለስ የሚል ኳስ ግዛ። ካላዌይ ሱፐርሶፍት ወይም ስሪክሰን ሶፍት ፊል ይበቃሃል። ዋጋውም ግማሽ ያህል ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ብዙም አያንገበግብም።

ነገሩ ስፒን፣ ማለትም የኳሱ መሽከርከር ነው። የፕሮ ቪ1 ሽፋን ዩሬቴን የሚባል ለስላሳ ፕላስቲክ ስለሆነ፣ በዌጅ (ለአጭር ምት በሚሆነው ዱላ) ስትመታው ብዙ ይሽከረከርና ግሪን ላይ፣ ማለትም ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር ላይ፣ ቶሎ ይቆማል፤ ለዚህ ነው የሚወደደው። ለስላሳዎቹ ደግሞ ከድራይቨር ሲነሱ ስፒናቸው ዝቅ ስለሚል መታጠፉ ትንሽ ይቀንሳል። ትንሽ ነው ያልኩት! ስላይስን፣ ማለትም ይህን ወደ ቀኝ መታጠፍ፣ የሚያድን ኳስ የለም፣ እሱ የክለብህ (የመምቻ ዱላህ) ፊት ጉዳይ ነው።

ስትሞክር ከድራይቨር አትጀምር። ከሱፐርሶፍቱም ከሶፍት ፊሉም ሦስት ሦስት ይዘህ ከግሪኑ 30 ያርድ ራቅ በልና ቺፕ አድርግ (በአጭር ምት ወደ ግሪኑ ላከው)፣ ከዚያ ፐት አድርግ (ግሪኑ ላይ ወደ ጉድጓዱ አንከባልለው)። የት እንደሚቆም ቀድመህ መገመት የቻልከውን ያዝ።

ብቻ ከሐይቅ የወጡ ያገለገሉ ኳሶችን እየቀላቀልክ አትጫወት። እኔ ርካሽ ነው ብዬ አንድ ከረጢት ሙሉ ገዝቼ፣ በየጉድጓዱ ሌላ ኳስ እያወጣሁ፣ አንዱ ሲሮጥ አንዱ አጠር ሲል፣ ጥፋቱ የፐተሬ (የፐት ዱላዬ) መስሎኝ ልሸጠው ደርሼ ነበር።