ደሴ ተቀምጦ ዳይቪንግ፦ ለጠየቅከው መልስ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ሰዉ «ደሴ ሆኖ ባሕር!» እያለ ስቆብሃል፣ አብሽር፣ እኔም በጊዜው ተስቆብኛል። ባጭሩ ያልከው ይሄ ነው፦ ኅዳር ላይ ለሥራ ጅቡቲ ትወርዳለህ፣ አራት ባዶ ቀን አለህ፣ ዳይቪንግ፣ ማለት አየር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ መማር ፈልገሃል። አብሮህ የሚሄደው የአጎትህ ልጅ ከአራት ዓመት በፊት ሰርተፍኬት አውጥቷል፣ አሁን ቀጣዩን ኮርስ ሊወስድ ነው፣ አንተንም «ከኔ ጋር ቀጥታ ግባ» ብሎሃል። ይሆናል ወይ?

አይሆንም። እንደኔ እሱም ቀጥታ ባይገባ ይሻለዋል።

እኔ የተማርኩት እዚያው ጅቡቲ ነው፣ የጀመርኩትም በኪሳራ ነው። ከመግባትህ በፊት የጤና መጠይቅ ያስሞሉሃል፤ አስም፣ ልብ፣ ጆሮ፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ ብዙ ነው። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ቀኑ እንዳያመልጠኝ ብዬ ሁሉንም «የለም» ብዬ ሞላሁ። ሦስት ሜትር ሳልደርስ ጆሮዬን በወስፌ የወጉኝ መሰለኝ። ወጣሁ። ብሩም ቀኑም ቀለጠ፣ አሰልጣኙም በደንብ ተቆጣኝ፣ እውነቱን ነበር።

የጆሮው ነገር ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወርድ ጆሮህ ድፍን ይል የለ? ምራቅህን ስትውጥ ጧ ብሎ ይከፈታል። ውሃ ውስጥም ያው ነው፣ ግን ሐረጎን ከላይ እስከ ታች ብትወርደው የግፊቱ ለውጥ አንድ ሜትር ውሃ እንኳ አይሞላም። ባሕር ላይ 10 ሜትር ስትወርድ ግን ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አፍንጫህን ይዘህ ቀስ ብለህ ትነፋለህ፣ ገና ሳያምህ፣ በየሜትሩ። ካመመህ ትንሽ ወደ ላይ ትመለስና እንደገና ትሞክራለህ። በጉልበት ከሞከርክ ታምቡርህን ነው የምትበሳው።

አሁን ወደ ኮርሱ። ፓዲ የሚባለው ድርጅት በጣም የታወቀው ነው፣ ኤስኤስአይም አለ፣ የጀማሪው ኮርስ በሁለቱም ያው «ኦፕን ዋተር» ነው። ሲያልቅ እስከ 18 ሜትር ከጓደኛህ ጋር መውረድ ያስችልሃል። መጀመሪያ ንባብና ፈተና፣ ቀጥሎ ገንዳ ወይም ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ላይ ልምምድ፣ ከዚያ ባሕር ውስጥ 4 ጊዜ መጥለቅ። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ቀን ይፈጃል። ንባቡን እዚሁ ደሴ ቁጭ ብለህ በኢንተርኔት ጨርሰው፣ ጅቡቲ ሄደህ ሆቴል ውስጥ ቪዲዮ ስታይ ቀን አታቃጥል። አሰልጣኙ በምን ቋንቋ እንደሚያስተምርም አስቀድመህ ጠይቅ፣ እዚያ ፈረንሳይኛ ነው የሚበዛው፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ «ምን አልክ?» ብሎ ነገር የለም።

ውሃ ውስጥ በምልክት ነው የምትግባባው። እኔ አሰልጣኙ «ደህና ነህ?» ሲለኝ አውራ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩለት። እዚያ ትርጉሙ «እንውጣ» ነው! ይዞኝ ወጣ። ዓሣው ሁሉ ታች ቀረ።

በኮርሱ ውስጥ ከምንም በላይ የሚደጋግሙብህ «ትንፋሽህን አትያዝ» የሚለውን ነው። ጅቡቲ የገዛኸው ቺፕስ ደሴ ሲደርስ ከረጢቱ ተነፍቶ አይተህ ታውቃለህ? ሳንባህም ያ ከረጢት ነው። 10 ሜትር ላይ አየር ሞልተህ ትንፋሽህን ይዘህ ከወጣህ አየሩ እጥፍ ይሆናል፣ መውጫ ካጣ ሳንባህን ይቀድደዋል። ጀርባህ ላይ የምትሸከመው ሲሊንደር ውስጥ ያለውም ብዙ ሰው እንደሚያስበው ኦክስጅን አይደለም፣ ይሄው የምንተነፍሰው አየር ነው፣ ታምቆ።

የአጎትህ ልጅ ካርዱ ጊዜ አያልፍበትም፣ እውነት ነው። እጁ ግን ይረሳል። ማስኩ ውስጥ ውሃ ሲገባ እንዴት እንደሚያስወጣ፣ የሚያንሳፍፈውን ጃኬት መቼ እንደሚነፋ፣ አራት ዓመት ሙሉ አልነካውም። መጀመሪያ ማስታወሻ ስልጠና ይውሰድ፣ ግማሽ ቀን ቢሆን ነው። ቀጣዩ «አድቫንስድ» 5 ጊዜ መጥለቅ ነው፣ ከአምስቱ ጥልቀትና በኮምፓስ አቅጣጫ መያዝ ግዴታ ናቸው፣ እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። 30 ሜትር ላይ አንዳንዱን ሰው አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እንደ ጠላ ያሰክረዋል፣ ምክንያት ሳይኖር ይስቃል። አየሩም ቶሎ ያልቃል፦ የውሃው ገጽ ላይ አንድ ሰዓት የሚያቆይህ፣ እዚያ ታች 15 ደቂቃ ነው። የረሳ እጅ ይዞ እዚያ መውረድ ምን ያስቸኩላል?

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ፣ ሰው ሁሉ የሚረሳው ይሄን ነው። መመለሻውን። የመጨረሻውን መጥለቅ ጠዋት ጨርሼ ከሰዓት ኮምቦልቻ ከሚመጣ የጭነት መኪና ጋር ተቀጣጥሬ ነበር። አሰልጣኙ «በረራህ መቼ ነው?» አለኝ። በረራ የለኝም፣ በመኪና ነው አልኩት፣ ፈገግ ብዬ። «ቤትህ ስንት ሜትር ላይ ነው?» 2,500 አካባቢ ስለው ፊቱ ተለወጠ። ለካ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ነው፤ ደሴ መግባት ማለት ከመብረር አይሻልም ማለት ነው። ስትጠልቅ ሰውነትህ ናይትሮጅን ይጠጣል። ግፊቱ ቶሎ ከቀነሰ እንደ አምቦ ውሃ ክዳን ሲከፈት አረፋ ይሆናል፣ አረፋው መገጣጠሚያህ ላይ ሲሆን ሕመም ነው፣ አከርካሪህ ላይ ሲሆን ሽባ ሊያደርግህ ይችላል። ለመብረር በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ይላሉ፣ እኔን ሙሉ ቀን አስጠበቀኝ። ሹፌሩ ጥሎኝ ሄደ፣ ባቲን ሳልፍ በልቤ አመሰገንኩት፣ አሰልጣኙን ማለቴ ነው።

ስለዚህ አራት ቀን አለኝ ያልከው ለውሃ ሦስት ነው። አራተኛው ደረቅ ቀን ነው። እንደዚሁ «ደሴ አቅራቢያ ያለው ሐይቅ ሄጄ ልለማመድ» እንዳትል። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለ ውሃ የራሱ ስሌትና ስልጠና አለው፣ ሐይቅ ደግሞ 2,000 አካባቢ ነው፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። ሲሊንደር ተሸክሞ የሚሞከርበት ቦታ አይደለም።

ጫት ቅመህም አትግባ። ጅቡቲ ሄደህ እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

ኅዳር ያልከው ጥሩ ወቅት ነው፣ እስከ ጥር ድረስ ዌል ሻርክ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው፣ የሚበላው ግን ፕላንክተን የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታትን ነው፣ አንተን አይፈልግም። የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ ከላይ በማስክና በትንፋሽ ቱቦ ስለሆነ፣ የምትሄደው ለሱ ብቻ ከሆነ የኮርሱን ብር አትክፈል።

ዋናህን ግን አልነገርከንም። ቦርከና ወንዝ ውስጥ መንቦጫረቅ ዋና አይደለም። ኮርሱ 200 ሜትር ሳታርፍ መዋኘትና 10 ደቂቃ ሳትሰምጥ መንሳፈፍ ይጠይቅሃል፣ ፍጥነት አይለኩም። አንዱ ሆቴል ገንዳ ግባና ሞክረው። ገንዳው 20 ሜትር ከሆነ 10 ጊዜ መሆኑ ነው፣ ስንተኛው ላይ ግድግዳውን እንደያዝክ እዚሁ ጻፍልኝ።